አምስቱ ልዑካንና የቀረው ሕዝብ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አንድ ካህን፣ በትምህርቱ የቱንም ያህል የመጠቀ፣ በምግባሩም የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ ብቻውን ቆሞ ቅዳሴ ሊቀድስ አይችልም። ከሁለት ያላነሱ ቀሳውስትና ከሦስት ያላነሱ ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን፣ ካልተሟሉ በስተቀር ቅዳሴው አይጀመርም፤ አራቱ ተገኝተው አምስተኛው በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት የቀረ እንደሆነ ሌላ ሰው ይፈለጋል፤ ካልተገኘም የዚያ ዕለት አገልግሎት ይታጎላል። መጽሐፈ ቅዳሴውን ገልጦ ያየ ሰው ደግሞ ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚለው፣ ሕዝቡ የሚለው እየተባለ እያንዳንዱ ክፍል በምልክት ተለይቶ መጻፉን ያስተውላል። ሕዝቡም የራሱ ተሰጥዎ አለው፤ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ተመልካች ተብሎ ቦታ የተሰጠው ወገን የለም።

ብዙ ካህናት በደመወዝ በተመደቡበት የከተማ ደብር ይህ ነገር እምብዛም ልብ አይባልም፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካልና። ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ወዳሉት አጥቢያዎች የወጣ ሰው ግን የአምስቱ ቁጥር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ወዲያው ይረዳል። በዚያ አገር ካህኑ ራሱ ገበሬ ነው። ሰኔ ሲገባ እንደ ጎረቤቱ በሬ ይጠምዳል፤ እንደ ጎረቤቱ በቆሎውን ይኮተኩታል፤ እንደ ጎረቤቱም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያማርራል። ዲያቆናቱም ገና ከብት የሚጠብቁ ልጆች ወይም ከቤታቸው ርቀው የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ካህናቱ አገልግሎቱን በሳምንት ተከፋፍለው በተራ ይገባሉ፤ ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ሳምንቱን ሙሉ ከዕርሻው ተለይቶ፣ በንጽሕና ተጠብቆ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሳይርቅ ይሰነብታል። ታዲያ ያ ሳምንት ዝናብ የጣለበት፣ መሬቱም ለዘር የበቃበት የሆነ እንደሆነ፣ የካህኑን ማሳ ማን ያርሰዋል? የንስሐ ልጆቹ ናቸው። አንዱ በሬ፣ ሌላው ሞፈርና ቀንበር ይዞ ይመጣና ማሳውን አርሶለት ይመለሳል፤ ይህን ያደረገው ሰው በቅዳሴው ሰዓት በመቅደስ አልቆመም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ዕርፍ መያዝ አምስቱ አራት ይሆኑ ነበር።

ለመሥዋዕቱ የሚያስፈልገውም እንዲሁ ነው። በቤተ ልሔም ለሚዘጋጀው ኅብስት ንጹሕ ስንዴ ያሻል፤ ለወይኑ ከሩቅ ገበያ የሚመጣ ዘቢብ ያሻል፤ ዕጣን፣ ጧፍ፣ የማዕጠንት ከሰል፣ ከምንጭ የተቀዳ ውኃ ያሻል። እነዚህን ሁሉ ከየቤቱ የሚያመጡ እጆች አሉ፤ አንዱ በስለት፣ ሌላው በዐሥራት፣ ሌላዋም ማንም ሳይጠይቃት። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናወራው የተነሣነው ስለ እነዚህ እጆች ነው።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬውን ስሟን ያገኘችው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው፣ በበላያ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፈው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት በዚሁ ምድር ነው። ከከተማዋ ወጥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በግራም በቀኝም በቆሎና ጤፍ፣ ዳጉሳና በአገሩ ስሙ የታወቀውን በርበሬ እያየ ይጓዛል፤ ከማሳው መካከልም እዚህና እዚያ በዛፍ የተከበቡ ጉብታዎች ይታዩታል። ዛፍ የበዛበት ጉብታ ሁሉ፣ ሳይጠየቅ የሚታወቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። አገሩ ለዕርሻ ተብሎ ሲመነጠር ጥዱና ወይራው የቀረው በዚያ ብቻ ነውና።

ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የሚበዙት በምን ዐይነት ሁኔታ እንደ ተሠሩ አረጋውያኑ በዝርዝር ይናገራሉ። አስቀድሞ ታቦቱ የሚያርፍበት መቃኞ ይቆማል፤ መቃኞ ማለት ዋናው ሕንጻ እስኪያልቅ ድረስ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ በጥቂት ቀን የሚሠራ ጊዜያዊ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎችና ካህናቱ ተቀምጠው ሥራውን በየጎጡ ያከፋፍሉታል፤ የላይኛው ጎጥ ምሰሶና ወራጅ፣ የታችኛው ጎጥ ድንጋይ፣ የወንዙ ዳር ጎጥ ማገርና ልጥ እንዲያቀርብ ይወሰናል። በጫካው ያልተገኘውን እንጨት ከባሕር ዛፉ ቈርጦ የሚሰጥ ባለጸጋ አይጠፋም፤ ከባዱን ግንድ ከሸለቆ ለማውጣት ግን ባለጸጋና ድኻ አይለይም፤ ሰው ሁሉ ትከሻውን ያቀርባል። ክቡ ግድግዳ፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ ተለይተው፣ ዙሪያውን በቆመው እንጨት ላይ ማገሩ ከተማገረ በኋላ፣ የምርጊቱ ቀን ይመጣል።

የምርጊት ቀን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ጭቃው ከቀናት በፊት ጭድ ገብቶበት ተቦክቶ ከርሟል፤ ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ይረግጡታል፤ ልጃገረዶች በእንስራ ከወንዝ ውኃ ያመላልሳሉ፤ ባልቴቶች በሰፌድ ጭቃ እየያዙ ወደ መራጊዎቹ ያቀብላሉ። መምሬም ቢሆኑ ጥምጥማቸውን አሳርገው፣ እጀ ጠባባቸውን ሰብስበው፣ ክንዳቸው እስኪርስ ይመርጋሉ። አንዲት አሮጊት ጉልበታቸው ከድቷቸው በየመንገዱ እየቆሙ ሲመላለሱ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ይረፉ፤ እኛ እንበቃለን» ሲባሉ፣ «ምን ያሳርፈኛል ልጄ፣ የመጨረሻ ቤቴን እኮ ነው የምሠራው» የሚል መልስ ይሰጣሉ። የዚህ አነጋገር ፍቺ ለአገሩ ሰው ግልጽ ነው፤ የተወለደው ልጅ በዐርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የሚጠመቀው፣ የሞተውም የሚቀበረው በዚሁ ቅጽር ውስጥ ነውና፣ ሠራተኛዋ ነገ ለምታርፍበት ግቢ ዛሬ ውኃ ትቀዳለች። እኩለ ቀን ሲሆን ከየቤቱ የመጣው ዳቦና ጠላ ይቀርባል፤ የተረፈውም ለኔ ቢጤው ይሰጣል።

ቀኑም ዝም ብሎ አይመረጥም። ገበሬው በወር ውስጥ ሞፈር የማያነሣባቸው ብዙ በዓላት አሉት፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ ወልድ ነው። በእነዚህ ቀኖች የራሱን መሬት ቢያርስ ነውር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ቢያጥር ወይም ድንጋይ ቢያቀርብ ግን በዓል እንደ ሻረ አይቈጠርበትም። ስለ በዓላት ብዛት ሲጻፍ፣ ገበሬውን ሥራ ፈት አድርገው ያደኸዩ እየተባለ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ወቃሾቹ የበዓሉን ቀን በገበሬው ማሳ ላይ ብቻ ለኩት እንጂ፣ አጥሩን፣ ምንጩን፣ መንገዱን፣ የአቅመ ደካማውን ጎጆ አልተመለከቱም። ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ የሚፈታበት ቀን ባይኖር ኖሮ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገናኝበት ሥራም ባልኖረ ነበር።

ይህ ሕዝብ ገራገርና የታዘዘውን ሁሉ ያለ ማጉረምረም የሚፈጽም ሕዝብ እንዳይመስለን የ1960 ዓ.ም.ን ነገር ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት የዕርሻ ገቢ ግብር በአዋጅ ባወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ፣ ርስቴ ሊለካና ሊወሰድ ነው ብሎ፣ በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞትም ጭምር ዐምፆ ነፍጥ አነሣ፤ ጦር ዘምቶበት እንኳ በቀላሉ አልበረደም፤ በመጨረሻም መንግሥት ግብሩን በግድ ማስከፈሉን መተው ግድ ሆነበት። እንግዲህ ለግብር ሰብሳቢ አንዲት ሽልንግ አልሰጥም ብሎ ጫካ የገባው ገበሬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ለሚመጣው የሥራ ጥሪ ሳይጎተት በሬውንና ጉልበቱን ይሰጥ የነበረው ያው ሰው ነው። ልዩነቱ ከገንዘቡ መጠን የመነጨ አይደለም፤ ምናልባት በዓመት ውስጥ ለአጥቢያው ያፈሰሰው ጉልበት ቢተመን ከግብሩ ይበልጥ ነበር። ጠያቂው ጎረቤቱ መሆኑ፣ ጠያቂው ራሱ አስቀድሞ መስጠቱ፣ የተሰጠውም ነገር በዐይን ፊት ቆሞ መታየቱ ነው ልዩነቱ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ምጽዋት ሲጽፍ ስጦታው በኀዘንና በግዴታ እንዳይሆን አጥብቆ ያሳሰበው ይህን የሰው ጠባይ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ሆኖም ፈቃድ ማለት እንደ ስሜት መሆን ማለት አይደለም። የአገራችን ምእመናን ይህን የተረዱት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ማስረጃውም ማኅበርና ሰንበቴ ናቸው። የጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ የሚሰበሰቡ ሰዎች ኅብረት ሲሆን፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል፤ ባለተራው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ፣ ቆሎና ንፍሮውን አሰናድቶ ይጠብቃል። ቄሱ ጸሎት ካደረሱና ጽዋውን ከባረኩ በኋላ ከትንሽ እስከ ትልቅ ይቀማመሳል፤ ከዚያ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ የቀረ ሰው ይጠራል፤ በቂ ምክንያት ያላቀረበውን ይቀጣል፤ የታመመ፣ ያዘነ፣ በሬ የሞተበት፣ ቤት የተቃጠለበት ካለ ይጠየቃል፤ የተጣላ ሰው ካለም ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ሲመሽ የሚቀጥለው ወር ባለተራ ተነሥቶ ጽዋውን በክብር ተቀብሎ፣ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰንበቴውም በዚሁ ዐይነት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ባለው የሰንበቴ ቤት ይደረጋል፤ ልዩነቱ ከማእዱ ድኻና መንገደኛ የሚካፈል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በኦሪት ዘፀአት እንደ ተጻፈው፣ ባስልኤልና ኤልያብ የመገናኛውን ድንኳን ሲሠሩ ሕዝቡ በፈቃዱ የሚያመጣው ስጦታ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ፣ ሙሴ በሰፈሩ አዋጅ አስነግሮ ከእንግዲህ አታምጡ ብሎ አስቁሟቸዋል። የማኅበር አለቃ በዚህ ነቢይ ስም መጠራቱ ይህን ታሪክ በማሰብ ይሁን ወይም ሕዝብን ከመምራቱ የተነሣ ብቻ፣ ለአሁኑ ዘመን ሙሴዎች የሚተርፍ ትምህርት ያለበት ይህ የማስቆም ሥልጣን ነው። ምክንያቱም በብዙ ማኅበር የፈቃድ አገልግሎት ሲጠፋ ያየሁት በስስት ሳይሆን በልግስና ነው። አንዱ ባለተራ በዳቦና በጠላ ፈንታ በግ ያርዳል፤ ቀጣዩ እንዳያንስ ሁለት ያርዳል፤ ሦስተኛው ተበድሮ ይደግሳል፤ አራተኛው፣ ሚስቱ ያረጀች ወይም ማሳው ጠባብ የሆነ ሰው፣ ድኻ ነኝ ማለት አፍሮ ማኅበሩን በሌላ ሰበብ ይተዋል። ጽዋው ግን የተሠራው ለእርሱ ነበር። ቀድሞ በኢየሩሳሌም፣ ሐዋርያት ራሳቸው በነበሩበት ጉባኤ እንኳ፣ ማእዱ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች ተዘንግተው ማጉረምረም ተነሥቶ፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት ይህንኑ ለማረም ነበር። እንግዲህ የማእድ ጉዳይ ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው የዲያቆንን ሹመት ታሪክ ዘንግቷል። አንዳንድ ማኅበራት ዛሬ ድግሱን በዳቦ፣ በቆሎና በጠላ ወስነው፣ የተረፈውን በገንዘብ አስቀምጠው ለችግረኛ አባል ወይም ለአብነት ትምህርት ቤት ማዋላቸው የሚመሰገን ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ካልሁ ዘንድ ጎጃምን ያለ እርሱ ማውራት አይቻልም። ጎንጅና ዋሸራ በቅኔ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ በሊቃውንት ብዛት የታወቁባት ይህች አገር ተማሪዎቿን ያኖረችበት መንገድ በመንግሥት በጀት አልነበረም። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከቤተሰቡ አገር የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ይመጣል፤ ከየኔታ ግቢ አጠገብ ከሣርና ከጭራሮ ጎጆውን ይቀልሳል፤ ቀን ቀን ቀለሙን ያጠናል፤ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይሰብራል፤ ሲመሽም በየመንደሩ ዞሮ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የውሻው ነገር ብቻውን አንድ ታሪክ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ሆኖ እግሩ ላይ የውሻ ጥርስ ያላረፈበት ጥቂት ነው። የቤት እመቤቲቱ ግን የገዛ ልጆቿ ሳይበሉ የተማሪውን ድርሻ ለይታ ታስቀምጣለች፤ የለመደው ልጅ አንድ ማታ የቀረ እንደሆነ፣ ታሞ ይሆን ብላ ጓደኛውን ትጠይቃለች። በዚህ መንገድ አንድ መንደር፣ አንድም ሰው ደብዳቤ ሳይጽፍ፣ አንድም ሰው ሳይመዘግብ፣ አንድን ትምህርት ቤት በዘመናት ሁሉ ሲቀልብ ኖሯል። ተማሪውም በበኩሉ ያደገበትን መንደር ቅዳሴ በዲቁና ያገለግላል፤ ከአምስቱ ሦስቱ እነርሱ ናቸውና።

ከማንኩሳ ስናልፍ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የወለደው በዚህች መንደር ነው፤ በዛብህም ገና ሳያውቅ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሳሉት ልጅ ነው። ደራሲው ያንን ስለት የልጁ የሕይወት ቀንበር አድርገው ማሳየታቸውን የማያስታውስ የዐማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። የፈቃድ አገልግሎት ሲባል የማን ፈቃድ? የወላጅ ስለት ለልጁ ፈቃድ ሊሆን አይችልም፤ የማኅበር ውሳኔም የአባሉን ኪስ ሳይጠይቅ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ይህን ጥያቄ ያነሡት አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሱ የጎጃም ሰው መሆናቸው ለእኔ ክብራቸውን ያበዛዋል።

በዘመናችን ለአብነት ትምህርት ቤቶች ከየከተማው የተነሡ ምእመናንም ደርሰውላቸዋል። በ1983 ዓ.ም. በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ በተገናኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠንስሶ፣ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን፣ ከአባላቱ በየወሩ በሚሰበስበው ገንዘብና በሙያቸው በነጻ በሚሰጡት አገልግሎት ገዳማትንና አብነት ትምህርት ቤቶችን ሲረዳ ቆይቷል፤ መሐንዲሱ በዕረፍት ቀኑ ፕላን ይነድፋል፤ ሐኪሙ ተማሪዎቹን ይመረምራል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ኑሮ በምእመናን ትከሻ ላይ ጨርሶ ያረፈበትን ጊዜ ለማወቅ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይበቃሉ። በ1965 ዓ.ም.፣ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ በሆኑት በፓትርያርኩ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ፣ በየአጥቢያው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ሆነ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ አወጀ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት የኖረችበት የመሬት ጥቅም በአንድ ቀን ቀረ። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ በሮች ይዘጋሉ ብለው የጠበቁ አልጠፉም። ነገር ግን አስቀድሞ የተዘረጋው የሰበካ ጉባኤ የየቤቱን ዓመታዊ አስተዋጽኦ መሰብሰብ ስለ ጀመረ፣ ገበሬውም ለካህኑ ማረሱን፣ ስንዴና ዘቢብ ማምጣቱን ስላላቋረጠ፣ ቅዳሴው ቀጠለ። ደንቡን ያወጡት ፓትርያርክ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በኋላም በግፍ ተገደሉ። እኔ እንደማየው ከሆነ የመሬቱ መወሰድ በደል መሆኑ ሳይካድ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ወደ ቀድሞ ጠባይዋ መለሳት፤ ገባሩ ቀረና ሰጪው ተገኘ። ይህን አሳብ የማይቀበሉኝ አባቶች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ መቀበል አለባቸው ብዬም አልሟገትም።

ከገጠሩ ሥራ ሁሉ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር የተወራለት የድንጋይ ካቡ ነው። በደቡብ ጎንደር የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቱ የዕፅዋት ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው፣ በከብት እየተበላ ዓመት በዓመት የሚጠበውን የቤተ ክርስቲያን ደን ለማዳን ከካህናቱ ጋር ሲመክሩ የተገኘው ዘዴ ዙሪያውን በድንጋይ መካብ ነበር። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ተሸክሞ ካቡን ካበ፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ፤ በካቡ ውስጥም ችግኝ መብቀል ጀመረ። ሊቁ ዕውቀቱን፣ ካህኑ ቃሉን፣ ገበሬው ጉልበቱን ሰጥቶ የተሠራ ሥራ ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ካቡ አይቆምም ነበር።

የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ነው። ይህን ስል ቆርቆሮ ጠላሁ ማለቴ አይደለም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቅዳሴ የሰማ ሰው ቆርቆሮን አይጠላም። የሣር ክዳን ግን በየጥቂት ዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ሣሩ ሲያረጅ አገሩ ሁሉ ሣር አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ወጥቶ ይከድን ነበር፤ ወጣቱም ክዳን የሚማረው ያኔ፣ ከሽማግሌው ጎን ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አውራ ጎዳናው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ካመጣ ወዲህ ይህ ሥራ ለአንድ ጊዜ ተሠርቶ ለዐሥርታት ተዘጋ፤ ምርጊቱ ወደ ግንበኛ፣ ክዳኑ ወደ ሥራ ተቋራጭ ተላለፈ፤ ለሕዝቡ የቀረለት ገንዘብ ማዋጣት ሆነ። ገንዘቡም በዐውደ ምሕረት ላይ በድምፅ ማጉያ የሰጪው ስምና መጠን እየተጠራ፣ አንዲት ጃንጥላ በጨረታ በብዙ ሺህ ብር እየተሸጠች ይሰበሰባል። ባሕር ማዶ ያሉ ምእመናን፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ የሰው ቤተ ክርስቲያን ተከራይተው ጀምረው በኋላ የራሳቸውን የገዙቱ፣ ቀን በታክሲና በሆስፒታል ሠርተው፣ ማታ ወለል ጠርገውና ግድግዳ ቀብተው ያቆሙትን አገልግሎት እያሰቡ ወደ ትውልድ አጥቢያቸው ብዙ ገንዘብ ይልካሉ፤ ላመሰግናቸው እንጂ ልወቅሳቸው አልችልም። ብቻ የእነርሱ ዶላር በመጣ ቍጥር፣ ውኃ የምትቀዳው አሮጊት እጅዋን ይዛ የምትቀመጥበት ዘመን እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

ይህን የተረዱ የሕንጻ ኮሚቴዎች ግን በየስፍራው አሉ። ሙያ የሚያሻውን ሥራ፣ ፌሮውን፣ ግንቡን፣ አናጢነቱን፣ ለባለሙያ ይሰጡና፣ የመሠረቱን ቁፋሮ፣ ድንጋይና አሸዋ ማቅረቡን፣ ውኃውን፣ የግቢውን ካብና ችግኙን ለሕዝቡ ያስቀሩለታል፤ በየጎጡም በቀድሞው ዐይነት ይደለድሉታል። ተቋራጩ በመኪና በአንድ ቀን አመጣዋለሁ ሲላቸው፣ «የለም፣ እሱን ለኛ ተውልን» ይሉታል፤ እርሱም ሥራው ሊዘገይበት መሆኑን እያየ፣ የቀን ሠራተኞቹን ደመወዝ በልቡ እያሰላ፣ በዓሉ እስኪደርስ ይጠብቃል። በበዓሉ ማግስት መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ በየመደቡ ተቈልሎ ያገኘዋል፤ ከድንጋዩም ከፊሉ ለግንብ የማይሆን፣ ልጆች ያመጡት ጠጠር ነው፤ እሱንም ወለል ሥር ይከተዋል።